የድሮ ስፖርት መኪና የድምፅ መሣሪያ፤ ዋት ከመቁጠር በፊት

የመኪና ድምፅ መሣሪያ ወደሚሸጥበት ሱቅ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በካርቶኖቹ ላይ በትልልቁ በታተመው የዋት ቁጥር ላይ ነው። አንዱ «4 በ50 ዋት» ይላል፤ ከጎኑ ያለው «1000 ዋት» ይላል፤ ገዢውም ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድምፁ የሚያምር መስሎት ኪሱ የቻለለትን ያህል ከፍሎ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ቁጥር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ እንመረምረዋለን። የምንነሣበት ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ዕድሜዋ ከ30 ዓመት ባለፈ፣ ጣሪያዋ ተጣጣፊ በሆነ አነስተኛ ስፖርት መኪና ውስጥ ሙዚቃን አጥርቶ ለመስማት በቅድሚያ መለወጥ ያለበት ምንድን ነው? ዋት በመልሱ ውስጥ ቦታ አለው፤ ይሁን እንጂ ተራው የሚደርሰው ከነፋሱና ከበሩ በኋላ እንደሆነ ለማሳየት እንሞክራለን።

በምሳሌነት የመረጥናት መኪና ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ናት። በጃፓን ገበያ ዩኖስ ሮድስተር፣ በአሜሪካ ደግሞ ሚያታ በሚል ስም ትታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የታየችው ይህች ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና በመጀመሪያ 1.6 ሊትር ሞተር ነበራት። የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 1997 ድረስ ተመርቷል፤ በተከታዮቹ ትውልዶች አማካይነትም የምርቱ ቁጥር በ2016 አንድ ሚሊዮን ሞልቷል። አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በአካል አይተዋት ላያውቁ ይችላሉ። እኛ የመረጥናት ግን ለውበቷ ሳይሆን ለአስቸጋሪነቷ ነው። ጣሪያዋ ሸራ መሰል ጨርቅ ነው፤ በሮቿ ጠባብ ናቸው፤ ባትሪዋም እንደ አብዛኞቹ መኪኖች ከሞተሩ አጠገብ ሳይሆን ከኋላ ዕቃ በሚጫንበት ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። እነዚህ ሦስት ጠባዮች እያንዳንዳቸው አንድ የፊዚክስ ምዕራፍ ይዘው ይመጣሉ።

የካርቶኑ ቁጥር ከየት መጣ?

በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ የሚገባውን መሣሪያ፣ ካሴት የሚባል ነገር ከጠፋለት ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ በተለምዶ «ቴፕ» እያልን እንጠራዋለን፤ እዚህም እንደዚያው እንቀጥላለን። ሞተሩ በሥራ ላይ ሲሆን ዲናሞው ለመኪናው የሚያቀርበው ቮልቴጅ ቢበዛ 14.4 ቮልት አካባቢ ነው። ቴፑ ውስጥ ያለው አነስተኛ አምፕሊፋየር የስፒከሩን ሁለት ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚነዳ፣ በስፒከሩ ላይ የሚያርፈው ከፍተኛው ቮልቴጅ ከዚሁ ከ14.4 ሊበልጥ አይችልም። የመኪና ስፒከር መደበኛ ተቃውሞ ደግሞ 4 ኦም ነው።

አሁን ማስላት እንችላለን። ጫፉ 14.4 ቮልት የሆነ ሳይን ሞገድ ውጤታማ ቮልቴጁ 14.4 ÷ 1.41 = 10.2 ቮልት ነው። ኃይል የቮልቴጅ ካሬ ሲካፈል ለተቃውሞ በመሆኑ፣ 10.2 × 10.2 ÷ 4 = 26 ዋት እናገኛለን። በትራንዚስተሮቹ ላይ የሚቀረውን ቮልቴጅ ስንቀንስ ደግሞ ለአንድ ስፒከር በጥራት ሊደርስ የሚችለው 20 ዋት አካባቢ ይሆናል። ታዲያ 50 ዋት የሚለው ጽሑፍ ከየት መጣ? ሞገዱ ሳይን መሆኑ ቀርቶ አራት ማዕዘን ነው እንበል፤ ማለትም ቮልቴጁ ሁልጊዜ ወይ በአዎንታዊ ወይ በአሉታዊ ጫፉ ላይ ተለጥፎ ይኑር። ያን ጊዜ 14.4 × 14.4 ÷ 4 = 51.8 ዋት ይሆናል። የካርቶኑ ቁጥር እንግዲህ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ሙዚቃው ሙሉ በሙሉ ተበላሽቶ ወደ ጩኸት ሲለወጥ የሚገኝ ዋት ነው። «1000 ዋት» የሚለው ቴፕ ካጋጠመን ግን የባትሪውን ቮልቴጅ ራሱን መጠየቅ ይኖርብናል፤ በ4 ኦምና በ14.4 ቮልት እዚያ የሚያደርስ መንገድ የለምና።

ከዚህ ጣራ በላይ መውጣት የሚፈልግ ሰው የተለየ አምፕሊፋየር መግጠም አለበት። እንዲህ ያለው መሣሪያ በውስጡ 14 ቮልቱን ከፍ ወዳለ ቮልቴጅ የሚለውጥ ክፍል ስላለው ከላይ የተጠቀሰው ገደብ አይዘውም። ነገር ግን ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት የተጨመረው ዋት ለጆሮ ምን ያህል እንደሚሰማ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዋትና ዴሲቤል

ጆሮአችን የድምፅን ኃይል የሚመዝነው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው። ኃይልን በእጥፍ ማሳደግ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ይህም ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው የሚታወቅ፣ ግን መጠነኛ የሆነ ለውጥ ነው። ድምፁ «እጥፍ ጨመረ» እንድንል የሚያደርገን በግምት የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ሲሆን፣ ለዚያ ኃይሉ 10 ጊዜ መባዛት አለበት። ከ20 ዋት ተነሥተን 200 ዋት ላይ ስንደርስ ያገኘነው ይህንኑ አንድ «እጥፍ» ነው።

በአንጻሩ በስፒከሮች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይታለፋል። በስፒከሩ ወረቀት ላይ በትንንሽ ፊደላት የሚጻፍ «ስሜታዊነት» የሚባል መጠን አለ፤ ይኸውም 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰማ የሚገልጽ ነው። አንዱ 87፣ ሌላው 93 ዴሲቤል ቢሆን ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ሁለተኛው በ20 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ለመስጠት የመጀመሪያው 80 ዋት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ተማሪዎችን የሚያስገርም ሌላ እውነታም አለ። ተራ የመኪና ስፒከር ከተቀበለው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው በሽቦ ጥቅልሉ ላይ ሙቀት ይሆናል። በመሆኑም ብዙ ዋት የሚጠጣ ስፒከር ሁሉ ብዙ ይጮኻል ማለት አይደለም፤ ምናልባት በደንብ ይሞቅ ይሆናል።

ነፋሱ

ጣሪያዋ የተከፈተ መኪና በፈጣን መንገድ ላይ ስትሮጥ በሾፌሩ ጆሮ አጠገብ የሚኖረው ጫጫታ ከ85 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ሙዚቃ ከዚህ ጫጫታ በላይ ካልወጣ አይሰማም። እናም የድምፅ መሣሪያው እውነተኛ ተፎካካሪ የጎረቤት መኪና ሳይሆን ነፋሱ ነው።

ነፋስ በጠንካራ አካል ጠርዝ ላይ ሲፈስ የሚፈጥረው ድምፅ ከፍጥነት ጋር ያለው ዝምድና እጅግ የበረታ ነው። በመስተዋት ጠርዝ፣ በጎን መመልከቻውና በጨርቁ ስፌት ላይ የሚነሣው ድምፅ ኃይሉ በግምት ከፍጥነቱ 6ኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ከሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ወደ 120 ስንሸጋገር ፍጥነቱ 2 ጊዜ ተባዝቷል፤ የነፋሱ ድምፅ ኃይል ግን 2 × 2 × 2 × 2 × 2 × 2 = 64 ጊዜ ይባዛል፤ በዴሲቤል 18 ማለት ነው። የጎማና የሞተር ድምፅ እንዲህ በፍጥነት ስለማያድጉ የመኪናዋ ጠቅላላ ጫጫታ ከዚህ ያነሰ ይጨምራል። ቢሆንም ሙዚቃው ከነፋሱ ጋር የነበረውን ርቀት በኃይል ብቻ እንጠብቅ ብንል 20 ዋት የነበረው 1280 ዋት መሆን ነበረበት። ያንን የሚሸከም ስፒከር በዚህች መኪና በር ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም የሾፌሩን ጆሮ ያበላሻል።

የነፋስ ጫጫታ ሌላም ጠባይ አለው። ጉልበቱ ያለው በወፍራሙ፣ ማለትም በዝቅተኛ ድግግሞሽ በኩል ነው። በጆሮ ውስጥ አንድ ብርቱ ድምፅ በአቅራቢያው ያለውን ደካማ ድምፅ ይሸፍናል፤ ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ ከእሱ በላይ ያለውንም ጭምር ይሸፍናል። ለዚህ ነው በቆመች መኪና ውስጥ ግሩም የነበረው ቤዝ መንገድ ስንጀምር የሚጠፋው፤ ብዙ ሰው «ስፒከሩ ደካማ ነው» ብሎ የሚደመድመውም በዚህ ጊዜ ነው።

ስለሆነም የመጀመሪያው የድምፅ ማሻሻያ ሥራ በቴፕ ሱቅ ሳይሆን በጎማ ሱቅ ይጀምራል ብንል ማጋነን አይሆንም። በ30 ዓመት ዕድሜ ውስጥ በበሩና በመስተዋቱ ዙሪያ ያለው የጎማ ጥምጣም ደርቆና ተጨማድዶ ነፋስ ያሳልፋል። እሱን መለወጥ፣ የጎን መስተዋቶችን ከፍ ማድረግ፣ ጣሪያው ክፍት በሚሆንበት ጊዜም ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ተገልብጦ የሚመጣውን ነፋስ የሚያግድ መከላከያ ማቆም፣ እነዚህ ሁሉ የጫጫታውን መጠን የሚቀንሱ ናቸው። 6 ዴሲቤል ጫጫታ መቀነስ አምፕሊፋየሩን በ4 እጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው፤ ከዚህም ሌላ ባትሪውን አንድ አምፔር እንኳ አያስከፍለውም።

በሩ እንደ ሳጥን

የስፒከር ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ አየር ይጨመቃል፤ ከኋላው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ይሳሳል። ሁለቱ ሞገዶች ተቃራኒ ስለሆኑ ከተገናኙ ይጠፋፋሉ። የ100 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 343 ÷ 100 = 3.4 ሜትር ነው። ከስፒከሩ ጀርባ ዞሮ ወደ ፊት የሚመጣው መንገድ ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ የዘገየበት ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ቤዙም በቦታው ይሰረዛል። ስፒከር በሳጥን ውስጥ የሚታሸገው የፊቱንና የኋላውን አየር ለመለያየት ነው።

በኤም ኤክስ 5 ሳጥኑ በሩ ራሱ ነው። የዚህ በር የውስጥ ቆርቆሮ ግን ለመስተዋት ማንሻውና ለመቆለፊያው ሲባል ሰፋፊ ቀዳዳዎች አሉት፤ ፋብሪካው የሸፈናቸውም በቀጭን ፕላስቲክ ነበር። ፕላስቲኩ ውኃ ይከላከላል እንጂ ድምፅ አያግድም፤ በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቀዶ ወይም ማጣበቂያው ለቆ ይገኛል። እነዚህን ቀዳዳዎች ከኋላው የሚለጠፍ ጎማ ባለው የአሉሚኒየም ንጣፍ መድፈን፣ የውጪውን ቆርቆሮ ገጽም በከፊል በዚያው ንጣፍ መሸፈን ቤዙን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በጣት ሲንኳኳ እንደ ጣሳ የሚጮኸው በር እንደ እንጨት መደንፈፍ ሲጀምር ሥራው እየተሳካ መሆኑን እናውቃለን። ምንም አዲስ ስፒከር ሳይገዛ የነበረው ስፒከር ሌላ የመሰለባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው።

ሆኖም አንድ ጥንቃቄ አለ። በበሩ ታች ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ፈጽሞ መደፈን የለባቸውም። ዝናብ በመስተዋቱ ጎን ወደ በሩ ውስጥ መግባቱ የታሰበበት ነው፤ መውጫ ካጣ በሩን ከውስጥ ያዝገዋል። በዚህች መኪና ላይ ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ተቀብለው ወደ ታች የሚያወርዱ ቱቦዎችም አሉ። በቅጠልና በአቧራ ሲዘጉ ከበሩ ሥር ያለው የአካሉ ክፍል ይዝጋል፤ የብዙ ኤም ኤክስ 5 መኪኖች በሽታ ይኸው ነው። የውስጥ ምንጣፉ ለሽቦ ሥራ በተነሣበት አጋጣሚ ቱቦዎቹን ማጽዳት ከማንኛውም ስፒከር የበለጠ ዋጋ አለው።

ስፒከሩን በተመለከተ፣ 16.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተለመደው መጠን ነው። ከመግዛት በፊት ግን ጥልቀቱ መለካት አለበት፤ የሚለካውም መስተዋቱን እስከ መጨረሻው አውርዶ ነው፤ አለዚያ መስተዋቱ ከማግኔቱ ጋር ይጋጫል። እንዲህ ካለ ስፒከር የ30 ኸርዝ ቤዝ መጠበቅ አይገባም። አንድ ወረቀት ተመሳሳይ መጠን ያለው ድምፅ ለመስጠት ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር 4 እጥፍ የሚበልጥ ርቀት መመላለስ አለበት፤ በ120 ኸርዝ 1 ሚሊ ሜትር የበቃው በ60 ኸርዝ 4፣ በ30 ኸርዝ 16 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል። ስለዚህ ከ70 ወይም ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጦ ማስቀረት ስፒከሩን ከመፈራገጥ ያድነዋል። ለቀጭኑ ድምፅ ለሚሠራው ትንሽ ስፒከርም እንዲሁ ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ 4 ኦም ስፒከርን ከ4000 ኸርዝ ጀምሮ ለማሠራት የሚገባው ካፓሲተር 1 ÷ (2 × 3.14 × 4000 × 4) ሲሆን፣ ተማሪዎች ቢያሰሉት 10 ማይክሮ ፋራድ አካባቢ ያገኛሉ።

በመጨረሻም የሽቦው አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ። በአንዱ በር ተገልብጦ ከታሰረ የግራው ወረቀት ሲገፋ የቀኙ ይስባል፤ ቤዙም በመኪናዋ መካከል ይሰረዛል። ለመፈተን አንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ይበቃል። ከቴፑ በተነቀለው ሽቦ ላይ ለአፍታ ሲነካ ሁለቱም ወረቀቶች ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለባቸው።

ከራስ መደገፊያው የሚወጣ ድምፅ

ከመጀመሪያው ትውልድ መኪኖች አንዳንዶቹ በመቀመጫው ራስ መደገፊያ ውስጥ ትንንሽ ስፒከሮች ነበሯቸው። ሐሳቡ ብዙ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ብልህ ነው ብለን እናምናለን። ከትንሽ ምንጭ የሚወጣ ድምፅ ጥንካሬው በርቀቱ ካሬ ይቀንሳል። የበሩ ስፒከር ከጆሮ 1 ሜትር፣ የራስ መደገፊያው ደግሞ 25 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ርቀቱ በ4 ሲካፈል ጥንካሬው በ16 ይባዛል፤ 12 ዴሲቤል ማለት ነው። በዝግ ክፍል ውስጥ ከግድግዳና ከጣራ የሚመለሰው ድምፅ ይህን ልዩነት ያጠበዋል፤ ጣሪያ በሌላት መኪና ውስጥ ግን የሚመልስ ነገር ስለሌለ ሕጉ ይበልጥ ይሠራል። ስለዚህ ነፋሱን ለመርታት 16 እጥፍ ዋት ከመጨመር ይልቅ ምንጩን ወደ ጆሮ ማቅረብ ተቻለ።

እርግጥ ጉድለትም አለው። የራስ መደገፊያው ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ቤዝ የለውም፤ ድምፁም ከኋላ ይመጣል። ጆሮ የድምፅን አቅጣጫ የሚወስነው አስቀድሞ በደረሰው ሞገድ ነው፤ የ75 ሳንቲ ሜትር የርቀት ልዩነት ደግሞ 2.2 ሚሊ ሴኮንድ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ዘፋኙ ከሾፌሩ ማጅራት ላይ የቆመ ይመስላል። በዛሬዎቹ ቴፖችና አምፕሊፋየሮች ውስጥ ያለው ዲጂታል ማዘግያ ይህን ያርማል፤ የራስ መደገፊያውን ድምፅ በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ አዘግይቶ የበሩ ድምፅ እንዲቀድም ያደርጋል። በ1989 ለመኪና ሠሪዎች በቀላል ዋጋ የማይገኝ የነበረው መሣሪያ ዛሬ በርካሽ ቴፕ ውስጥ መኖሩ የድሮውን ሐሳብ እንደገና ጠቃሚ አድርጎታል።

አምፔርና እሳት

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አምፕሊፋየር የመግጠም ተራ የሚመጣው። ለ4 ስፒከሮች እያንዳንዳቸው 50 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ፣ በጠቅላላው 200 ዋት የሆነ መሣሪያ መረጥን እንበል። የቀድሞው ዓይነት፣ ክፍል ኤቢ የሚባለው አምፕሊፋየር፣ ከሚወስደው ኃይል ለስፒከር የሚያደርሰው ከመቶ 55 ያህሉን ቢሆን የሚስበው 364 ዋት፣ በ14 ቮልት 26 አምፔር ነው። ክፍል ዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን ከመቶ 80 የሚያደርስ ከሆነ በ18 አምፔር ይጨርሰዋል። በዚያ ዘመን የተሠሩ አነስተኛ መኪኖች ዲናሞ 60 ወይም 70 አምፔር ገደማ ብቻ የሚያመነጭ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ከዚያም በብዙ የሚያንስ በመሆኑ ይህ የ8 አምፔር ልዩነት ቀላል አይደለም። ሙዚቃ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል አይጮኽም፤ ሽቦ ግን የሚመረጠው ለክፉ ቀን ነው።

ባትሪው ከፊት በሆነ መኪና ውስጥ ከኋላ ለተቀመጠ አምፕሊፋየር 5 ሜትር ሽቦ መሳብ ግድ ነው። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የ5 ሜትር መዳብ ተቃውሞው 0.021 ኦም ነው፤ 26 አምፔር ሲያልፍበት 0.55 ቮልት ይውጣል። 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን 0.14 ቮልት ብቻ ይወስዳል። በኤም ኤክስ 5 ግን ባትሪው ከኋላ ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ከጎኑ ሊቀመጥ ይችላል፤ ባለ 8 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ1 ሜትር ርዝመት የሚያጠፋው 0.06 ቮልት እንኳ አይሞላም። ንድፍ አውጪዎቹ ባትሪውን እዚያ ያስቀመጡት የመኪናዋን ክብደት በአራቱ ጎማዎች ለማመጣጠን ነበር፤ የድምፅ ሠራተኛው ግን ሳይለፋ ተጠቃሚ ሆነ።

ፊውዙን አስመልክቶ አንድ የተስፋፋ አለመግባባት አለ። ከባትሪው አጠገብ የሚገጠመው ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ፊውዝ የሌለው ያ የ5 ሜትር ሽቦ ጎማው ተልጦ የመኪናዋን ብረት ነካ እንበል። የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ 0.01 ኦም ቢሆን ጠቅላላው 0.031 ይሆናል፤ 12.6 ÷ 0.031 ወደ 400 አምፔር ይሰጣል። በሽቦው ላይ ብቻ የሚፈጠረው ሙቀት 400 × 400 × 0.021 ሲሰላ ከ3300 ዋት በላይ ነው። ይህ አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ምጣዱ የሚያሰራጨው በሰፊ ሸክላ ላይ ሲሆን ይህኛው ከምንጣፍና ከመቀመጫ ሥር ባለ ቀጭን ሽቦ ላይ መሆኑ ነው። ለዚህም ነው ፊውዙ ከባትሪው ምሰሶ ከ45 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ መቀመጥ የሚገባው፤ ከፊውዙ በፊት ያለውን ቁራጭ የሚጠብቀው ነገር የለምና።

በዚህች መኪና ላይ ሌላም አደጋ አለ። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ሊያመነጭ ይችላል፤ ሃይድሮጂን ደግሞ በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ሲደርስ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ፋብሪካው የመረጠው ባትሪ የታሸገ ዓይነት ሲሆን ጋዙን ወደ ውጭ የሚያስወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ነበሩት። ባትሪው ሲያረጅ ዋጋው ረከስ ያለ፣ ቱቦ የሌለው ተራ ባትሪ የተተካባት መኪና ከገዛን በተዘጋ የዕቃ ክፍል ውስጥ ከአምፕሊፋየር አጠገብ የጋዝ ምንጭ አስቀምጠናል ማለት ነው። እንዲህ ባለች መኪና ላይ ከማናቸውም የድምፅ ሥራ በፊት ባትሪው መለወጥ አለበት። በዚህ ጉዳይ ላይ አማራጭ አናቀርብም።

ከሞተሩ ጋር የሚያፏጨው ድምፅ

መሣሪያው ተገጥሞ አልቆ ሞተሩ ሲነሣ ከስፒከሩ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ፉጨቱ ይቀጥናል። የዚህ ፉጨት አባት ዲናሞው ነው። ዲናሞው የሚያመነጨው ባለ ሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በዳዮዶች ወደ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ በእያንዳንዱ ዑደት 6 ትንንሽ ሞገዶች ይቀሩበታል። 6 ጥንድ ዋልታ ያለው ዲናሞ በአንድ ዙር 36 ሞገድ ይሰጣል። ሞተሩ በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር ዲናሞው 2000 ጊዜ የሚዞር ከሆነ በሴኮንድ 33.3 ዙር፣ ማለትም 1200 ኸርዝ ነው። ሞተሩ 3000 ላይ ሲደርስ 3600 ኸርዝ ይሆናል። የሰው ጆሮ እጅግ የነቃበት ክልል በትክክል ይኸው ነው።

ሞገዱ ወደ ሙዚቃው የሚገባበት በር ብዙውን ጊዜ ግራውንዱ ነው። ቴፑ ከዳሽቦርዱ ሥር ካለ ብረት ጋር፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ካለ ብረት ጋር ታስሯል። በሁለቱ ብረቶች መካከል የዲናሞው ጅረት ስለሚያልፍ ቮልቴጃቸው እኩል አይደለም። የሲግናል ገመዱ ሽፋን ሁለቱን ሲያገናኛቸው ልዩነቱ በሙዚቃው ላይ ይደመራል። የቴፑ ሲግናል 2 ቮልት፣ ልዩነቱ ደግሞ 0.05 ቮልት ብቻ ቢሆን ፉጨቱ ከሙዚቃው የሚያንሰው በ32 ዴሲቤል ነው፤ ዘፈኑ ጸጥ ባለ ቁጥር በግልጽ ይሰማል። በ30 ዓመት ዝገት የተሸፈነ የማሰሪያ ነጥብ ይህን ልዩነት ያባብሰዋል። ስለሆነም ቀለሙን እስከ ብሩህ ብረቱ ድረስ ፍቆ፣ በብሎን አጥብቆ፣ ከዚያም በቅባት ሸፍኖ ማሰር፤ የሲግናል ገመዱን በመኪናዋ አንድ ጎን፣ የኃይል ሽቦውን በሌላው ጎን ማሳለፍ ይገባል። ብዙዎች ይህን ሁሉ ዘለው ማጣሪያ ገዝተው ይገጥማሉ። ማጣሪያው ፉጨቱን ሊቀንሰው ይችላል፤ ዝገቱን ግን እዚያው ይተወዋል።

በሥራው ሁሉ የመጀመሪያውን ሽቦ አለመቁረጥ ይመረጣል። ለአሮጌዎቹ መኪኖች የሚሆኑ መሸጋገሪያ ሶኬቶች ስለሚገኙ የወጣው ቴፕ ተቀምጦ አንድ ቀን ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። ማዝዳ ራሱ በ2017 የመጀመሪያውን ትውልድ መኪኖች በጃፓን ወደ ቀድሞ መልካቸው የመመለስ አገልግሎት መጀመሩን ሲያስታውቅ፣ ያልተነካካ መኪና ዋጋ እንዳለው ባለቤቶቹ ይበልጥ ተረድተዋል።

ጆሮ የሚችለው ጊዜ

መሣሪያው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ስሌት የሾፌሩ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ባወጣው ምክር መሠረት ጆሮ በቀን ለ8 ሰዓት የሚችለው ድምፅ 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት የመስሚያ ፀጉራም ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ ተመልሰው አይበቅሉም።

ጣሪያው ተከፍቶ ጫጫታው 88 ዴሲቤል ነው፤ ሾፌሩም ሙዚቃው ከጫጫታው በ6 ዴሲቤል እንዲበልጥ አድርጎ 94 ላይ አቆመው እንበል። ሁለቱ ድምፆች በኃይል ሲደመሩ 95 ዴሲቤል ይሆናሉ፤ የሚፈቀደው ጊዜ 48 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ጣሪያውና መስተዋቱ ተዘግተው፣ የበሩ ጎማዎች ታድሰው ጫጫታው ወደ 76 ቢወርድስ? ሙዚቃው በዚያው በ6 ዴሲቤል ብልጫ 82 ላይ ይቆማል፤ ድምሩ 83 ሲሆን ከ8 ሰዓቱ ገደብ በታች ነው። ሙዚቃው ከጫጫታው ያለው ርቀት በሁለቱም ሁኔታ አንድ ስለሆነ የሚሰማውም በእኩል ጥራት ነው፤ ለእሱ የሚያስፈልገው የአምፕሊፋየር ኃይል ግን በሁለተኛው ሁኔታ 16 ጊዜ ያነሰ ነው። ይህን በገዛ መኪናው መሞከር የሚፈልግ አንባቢ የድምፅ መለኪያ ፕሮግራም በተጫነበት ተንቀሳቃሽ ስልክ ግምታዊ ልኬት ሊያገኝ ይችላል፤ መለኪያውን «ዴሲቤል ኤ» በሚለው መስፈርት ላይ አድርጎ፣ ስልኩን ከሾፌሩ ጆሮ አጠገብ የሚይዘው ግን ሾፌሩ ሳይሆን ከጎኑ የተቀመጠው ሰው መሆን አለበት።